የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሙት ቀጠና ትንበያ፦ የዘጠኝ ዓመት ውጤቱ ሲመዘን

በየዓመቱ ጁን ሲገባ የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ በምሕጻር ስሙ ኖኣ የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ አንድ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ በመጪዎቹ የሙቀት ወራት ከሉዊዚያናና ከቴክሳስ ጠረፍ ፊት ለፊት ባለው የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ወለል ላይ፣ ኦክስጅኑ ከ2 ሚሊ ግራም በሊትር በታች የወረደ ውሃ ስንት ካሬ ማይል እንደሚሸፍን የሚገምት ነው። ውሃው ከዚህ ልክ በታች ሲወርድ ዓሣና ሽሪምፕ ይሸሻሉ፤ መሸሽ የማይችሉት የወለል ነዋሪዎች፣ ትሎችና ቅርፊት ለባሾች፣ ይሞታሉ፤ «ሙት ቀጠና» የሚለው ስም የወጣለትም ስለዚህ ነው። (ባሕረ ሰላጤው ከ2025 ወዲህ በፌዴራሉ መንግሥት ሰነዶች «የአሜሪካ ባሕረ ሰላጤ» ተብሎ ይጻፋል፤ እኔ ግን አንባቢ በለመደው ስም እጠራዋለሁ። ዓመታቱም በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) አገልግሎቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ሆኖም ጋዜጠኛው ዜና የሚሠራበት፣ የግብርና ባለሥልጣኑ በንግግሩ የሚጠቅሰው፣ ዓሣ አስጋሪው ጆሮውን የሚሰጠው ቁጥር ስለሆነ፣ ገንዘብ ተከፍሎበት እንደሚገዛ ዕቃ ሁሉ ሊመዘን ይገባዋል።

የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዝናብ ከሰፈራችን ሣር ላይ የሚያጥበው ማዳበሪያ በስላይጎ ክሪክ ወርዶ አናኮስቲያ ወንዝ፣ ከዚያ ፖቶማክ፣ በመጨረሻም ቼሳፒክ ቤይ ይገባል። በዋሽንግተን ዙሪያ ያለን በርካታ ኢትዮጵያውያን፣ ብናውቀውም ባናውቀውም፣ የዚያ ተፋሰስ ነዋሪዎች ነን። ስለ ኦክስጅን እጥረት ማንበብ የጀመርኩት በዚሁ በራሳችን የባሕር ወሽመጥ ምክንያት ነበር። የባሕረ ሰላጤው ትንበያ ግን ለሚመዝን ሰው የተለየ ጥቅም አለው። ቁጥሩ አስቀድሞ በይፋ ይታወቃል፤ ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ቆይቶ መርከብ ወጥቶ እውነቱን ይለካል፤ ሁለቱም ቁጥሮች ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ስሕተቱን በዚህ መጠን አደባባይ የሚያሰጣ የኮምፒውተር ሞዴል ብዙ አላየሁም።

ትንበያው በሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው፤ አንደኛው ማዳበሪያ፣ ሁለተኛው የውሃ መደራረብ ነው። የሚሲሲፒ ተፋሰስ የአሜሪካን ዋና ምድር 41 በመቶ ያህል ይሸፍናል፤ የአዮዋና የኢሊኖይ የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳዎችም በውስጡ ናቸው። በጸደይ ዝናብ የታጠበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ባሕሩ ሲደርስ አልጌ ይመገበውና ይራባል፤ አልጌው ሲሞት ወደ ታች ይሰምጣል፤ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎችም ከወለሉ አካባቢ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ነገሩ በዚህ ባበቃ ኖሮ ከላይ የሚወርደው አየር ጉድለቱን በሞላው ነበር። ነገር ግን ከወንዙ የሚገባው ጨው አልባ ውሃ ቀላልና ሞቃት በመሆኑ በከባዱ የባሕር ውሃ ላይ እንደ ክዳን ይቀመጣል፤ ክዳኑን ሊከፍት የሚችለው ነፋስ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የማነሣው የስሕተት ታሪክ በአመዛኙ የዚህ ክዳን ታሪክ ነው።

ኖኣ ቁጥሩን ከአንድ ሞዴል አይወስድም። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም በሜይ ወር ሚሲሲፒና አቻፋላያ ወንዞች ወደ ባሕሩ ያስገቡትን ናይትሬት የተባለ የናይትሮጅን ውህድ ይገምታል፤ ለምሳሌ በ2019 ሜይ ይህ መጠን 156,000 ሜትሪክ ቶን ገደማ፣ ማለትም ከረዥም ጊዜው አማካይ 18 በመቶ ያህል በላይ ነበር። ከዚያ የሚሺጋን፣ የሉዊዚያና ስቴት፣ የሰሜን ካሮላይና ስቴትና የካናዳው ዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲዎች፣ እንዲሁም የቨርጂኒያ የባሕር ሳይንስ ተቋም ቡድኖች ያንን ግብዓት ይዘው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሞዴል ያሰላሉ፤ ኖኣም ውጤታቸውን አጣምሮ አንድ ግምት ያወጣል። ሞዴሎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ያለፉትን ዓመታት ናይትሬትና ስፋት በስታቲስቲክስ የሚያያይዝ ነው፤ የሚሺጋኑ ደግሞ ስትሪተርና ፌልፕስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1925 ለኦሃዮ ወንዝ ያወጡትን የኦክስጅን ቀመር ለባሕር አስማምቶ የሚሠራ ነው። መቶ ዓመት የሞላው የወንዝ ቀመር ዛሬም ባሕር ላይ እያገለገለ መሆኑን ስረዳ፣ በእውነቱ፣ ለአሠራሩ ያለኝ አክብሮት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

አሁን ወደ ውጤቱ። ቁጥሮቹን በካሬ ማይል እጽፋቸዋለሁ፤ ወደ ካሬ ኪሎ ሜትር ለመቀየር በ2.6 ማባዛት ይበቃል። በ2017 ትንበያው 8,185 ነበር፤ የተለካው 8,776 ሆነ፤ ይህም መለካት ከተጀመረበት ከ1985 ወዲህ ትልቁ ነው። በ2018 የተተነበየው 5,780፣ የተለካው 2,720 ነው። በ2019 ትንበያው 7,829፣ ልኬቱ 6,952 ነበር። በ2020 የ6,700 ትንበያ ወጥቶ 2,117 ብቻ ተገኘ። በ2021 በተቃራኒው 4,880 ተብሎ 6,334 ተለካ። ከዚያ 2022 መጣ፦ 5,364 ተተንብዮ 3,275 ተለካ። በ2023 ከ4,155 ትንበያ 3,058፣ በ2024 ከ5,827 ትንበያ 6,705፣ በ2025 ደግሞ ከ5,574 ትንበያ 4,402 ተገኘ።

እነዚህን ዘጠኝ ዓመታት ወረቀት ላይ አስቀምጬ ራሴ አሰላኋቸው። ትንበያው ከልኬቱ የራቀበት መጠን በአማካይ 1,750 ካሬ ማይል ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርምና፣ ምንም ሞዴል የሌለው ሰው በየዓመቱ የረዥም ጊዜውን አማካይ፣ 5,300 ያህሉን፣ ዝም ብሎ እየደገመ ቢተነብይ ምን ያህል ይሳሳት እንደነበር አሰላሁ፤ ከ2,000 ጥቂት የሚበልጥ ሆነ። ይህ ማለት አምስት የጥናት ቡድኖች፣ የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎችና ኮምፒውተሮች ተባብረው፣ «ዘንድሮም እንደ ወትሮው ነው» ከሚለው ሰው የተሻሉት በ15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ለስታቲስቲክስ አጭር እንደሆነ አውቃለሁ፤ 2020ን የመሰለ አንድ ዓመት ብቻ ሚዛኑን እንደሚያንጋድደውም እቀበላለሁ። ቢሆንም ትንበያውን እንደ ሸማች ለሚያየው ሰው ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። ከዘጠኙ ዓመታት በስድስቱ ትንበያው ከልኬቱ በላይ ነበር፤ የትንበያዎቹ አማካይ ወደ 6,030፣ የልኬቶቹ ደግሞ ወደ 4,930 ነው። ስሕተት በሁለቱም ወገን እኩል ቢበተን ዕድል ነው ባልን፤ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ግን ምክንያቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ምክንያቱ፣ ቢያንስ በከፊል፣ በራሱ በመግለጫው ውስጥ ተጽፏል፤ ትንበያው የተለመደ የጠረፍ አየር ጠባይ እንደሚኖርና ከባድ አውሎ ነፋስ እንደማይመጣ ታሳቢ ያደርጋል። በ2020 ሐና የተባለው አውሎ ነፋስ በጁላይ መጨረሻ ባሕረ ሰላጤውን አቋርጦ የውሃውን ክዳን ገለጠው። በ2019 ባሪ በጁላይ አጋማሽ ሉዊዚያናን መትቶ ነበር፤ ያ ባይሆን ልኬቱ ከዚያም ከፍ ይል ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። በ2018 ማዕበል ሳይሆን ከምዕራብ በኩል ሳያቋርጥ የነፈሰ ነፋስ ኦክስጅን አልባውን ውሃ ወደ ምሥራቅ ገፍቶ ሰብስቦታል፤ ስፋቱ ቀነሰ፣ ውፍረቱ ግን የግድ አልቀነሰም። ከልኬቱ በፊት የሚመጣ ማዕበል ብዙውን ጊዜ ቀጠናውን የሚያጠብ እንጂ የሚያሰፋ ስላልሆነ፣ «ማዕበል ካልመጣ» በሚል ቅድመ ሁኔታ የተሰጠ ቁጥር በረዥም ጊዜ ከፍ ብሎ ቢገኝ አያስገርምም። ቅድመ ሁኔታው ሐቀኛ ነው። ዜናው ውስጥ ግን ቅድመ ሁኔታው ይወድቅና ቁጥሩ ብቻ ይቀራል።

ባለሙያዎች የአንድን ሞዴል እርግጠኛ አለመሆን ሲከፋፍሉት ከግብዓቱ የሚመጣውን፣ በቀመሩ ውስጥ ካሉት መለኪያዎች የሚመጣውን፣ ከቀመሩ አወቃቀር የሚመጣውንና ገና ካልታወቀው የአየር ጠባይ የሚመጣውን ለየብቻ ያያሉ። ብዙ ሞዴሎችን አጣምሮ መጠቀም የሚረዳው በተለይ ለሦስተኛው፣ ለአወቃቀሩ ነው፤ አንዱ ያጋነነውን ሌላው ያለዝበዋል። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። አምስቱም ቡድኖች የሚነሡት ከአንድ የናይትሬት ግምት ነው፤ አምስቱም የጁላይን ነፋስ በጁን ሊያውቁት አይችሉም፤ አምስቱም የተስተካከሉት በአንድ የልኬት መዝገብ ነው። ስለዚህ ሞዴሎቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ለእውነቱ ቅርብ ለመሆናቸው ማስረጃ አይሆንም። ከአንድ ምንጭ የሰሙ አምስት ምስክሮች ቃላቸው ቢገጥም ዳኛ አይደነቅበትም፤ የእነዚህም መስማማት ሊታይ የሚገባው በዚያው ዓይን ነው። ለትንበያው የሚሰጠው የመተማመኛ ወሰን፣ ማለትም እውነቱ ሊያርፍበት ይችላል የሚባለው ከዚህ እስከዚህ፣ ይህን የጋራ ድካም ምን ያህል እንደሚይዝ አንባቢው በቀላሉ የሚያውቅበት መንገድ ቢኖር ደስ ባለኝ።

በሌላ በኩል ልኬቱንም እንደ ፍጹም እውነት መያዝ ፍርደ ገምድልነት ነው። ለአሥርተ ዓመታት በባሕር ሳይንቲስቷ ናንሲ ራባሌ መሪነት የተካሄደው የመለኪያ ጉዞ በጁላይ መጨረሻ አንድ ሳምንት ገደማ የሚፈጅ ነው። መርከቧ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየሄደች ትለካለች፤ በጣቢያዎቹ መካከል ያለው በካርታ ላይ በመስመር ይሞላል፤ የመጀመሪያው ጣቢያ ሲለካና የመጨረሻው ሲለካ ባሕሩ አንድ ዓይነት አይደለም። በ2016 መርከቡ ስለተበላሸ ጉዞው ከናካቴው ቀረ፤ ለዚያ ዓመት ትንበያ እንጂ ማመሳከሪያ የለንም። ኦክስጅን አልባው ውሃ ብዙውን ጊዜ ከወለሉ ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ የሚል ስስ ንብርብር ስለሆነም፣ በካሬ ማይል ብቻ የሚሰጥ መልስ ጉዳዩን በከፊል ብቻ ይነግረናል። በ2018 ነፋስ የሰበሰበው ውሃ ለዓሣው የቱን ያህል «ቀነሰ» እንደሚባል አስቡት። ስፋትንና ጥልቀትን አብረው የሚያሰሉት የሦስት አቅጣጫ ሞዴሎች ይህን ውፍረት ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ነገር ግን የታችኛውን ንብርብርና የደለሉን ኦክስጅን አጠቃቀም እንዴት እንደሚወክሉ ሲለያዩ ውጤታቸውም ይለያያል።

ለአንድ የሙቀት ወቅት የሚሰጠው ትንበያ ቢሳሳት ጉዳቱ እምብዛም ነው። ተመሳሳይ ሞዴሎች ግን ለሌላ፣ እጅግ ለከበደ ሥራም ይውላሉ፤ ማዳበሪያው ምን ያህል ቢቀነስ ሙት ቀጠናው ወደ ተፈለገው መጠን ይወርዳል የሚለውን ጥያቄ የሚመልሱት እነርሱው ናቸው። የፌዴራሉና የግዛቶቹ መንግሥታት የጋራ ግብረ ኃይል በ2001 ያወጣው ዕቅድ ስፋቱን በአምስት ዓመት አማካይ ከ5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር (1,900 ካሬ ማይል ገደማ) በታች ለማውረድ ነበር፤ የጊዜ ገደቡ 2015 የነበረው በኋላ ወደ 2035 ተራዝሟል። ይህን ለማሳካት መቀነስ ያለበት ናይትሮጅን መጀመሪያ 30 በመቶ ያህል ተባለ፤ በ2007 የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው የሳይንስ አማካሪ ቦርድ ቢያንስ 45 በመቶ አለ፤ በ2017 የታተመ የበርካታ ሞዴሎች ጥናት ደግሞ ወደ 59 በመቶ አደረሰው። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ የሚፈለገው ቅነሳ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አንድ ገበሬ ይህን ሰምቶ «መጀመሪያ እናንተ ተስማሙ» ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን ልብ ብሎ ያየ ሰው የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። ሦስቱም መልሶች ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ፤ ዕውቀቱ በጨመረ ቁጥር የሚፈለገው ቅነሳ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የቁጥሩን አለመርጋት ለመዘግየት ምክንያት የሚያደርጉ ሰዎች ስሕተቱ ወደ የትኛው ወገን እንደነበር አይናገሩም። በዚያ ላይ በአፈርና በከርሰ ምድር ውሃ የተከማቸው የቀድሞ ናይትሮጅን ለአሥርተ ዓመታት እየተንጠባጠበ የሚወጣ በመሆኑ፣ ማሳው ላይ ዛሬ የተደረገው ለውጥ ባሕሩ ላይ ቶሎ አይታይም፤ ሞዴሉ ትክክል ይሁን ስሕተት ለመፍረድም ረዥም ዕድሜ ይጠይቃል።

ኮከብ ስጥ ብባል ለግልጽነቱ ከአምስት አራት ተኩል፣ ለአሠራሩ አራት፣ ለቁጥሩ አቀራረብ ግን ሁለት እሰጣለሁ። «5,574» ብሎ እስከ አንድ ካሬ ማይል ድረስ የሚቆጥር ግምት፣ በአማካይ ከአንድ ሺሕ በላይ የሚስት ከሆነ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች ጌጥ ናቸው። እኛ ከአገር ቤት የምናውቀው የክረምት ዝናብ ትንበያ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን በመቶኛ ከፍሎ ይሰጣል። ገበሬው «ስንት ሚሊ ሜትር?» ብሎ ቢጠይቅ አያረካው ይሆናል፤ ትንበያው ማወቅ የማይችለውን አውቃለሁ ስለማይል ግን በዓመቱ መጨረሻ ውሸታም አያሰኝም። የባሕረ ሰላጤውም ትንበያ በዚያ መልክ ቢቀርብ፣ «ማዕበል ካልመጣ ይህን ያህል፣ ከመጣ ይህን ያህል» የሚል ሁለተኛ ዓረፍተ ነገርም ቢታከልበት፣ ምንም አዲስ ሳይንስ ሳያስፈልገው የተሻለ አገልግሎት ይሆናል።

ለማነጻጸር ያህል፣ የቨርጂኒያ የባሕር ሳይንስ ተቋም ለቼሳፒክ ቤይ የሚያወጣውን ዕለታዊ ካርታም ከሁለት ዓመት ወዲህ ስከታተል ቆይቻለሁ። እርሱ የወቅት ትንበያ አይደለም፤ የዛሬንና የቀጣዮቹን ሁለት ቀናት ኦክስጅን፣ ሙቀትና ጨዋማነት በቀለም የሚያሳይ ነው። የሁለት ቀን ነፋስ አስቀድሞ ሊታወቅ ስለሚችል፣ የባሕረ ሰላጤውን ትንበያ የሚያሳስተው ትልቁ ምንጭ እዚህ አብዛኛው ይወገዳል። ኦክስጅን አልባው ውሃ የሚተኛው በወሽመጡ መካከል ባለው ጥልቅ ቦይ ውስጥ ነው፤ የሚሰላውም በስፋት ሳይሆን በይዘት፣ በኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም ለእኔ የተሻለ መለኪያ ነው። በ2023 ይህ ይዘት ክትትሉ ከተጀመረበት ከ1985 ወዲህ ትንሹ ሆኖ ነበር፤ አንድ ጥሩ ዓመት ግን ዝናብና ሙቀት ያመጡት ይሁን የማዳበሪያ ቅነሳ ያመጣው ለይቶ መናገር ያው የሞዴሎቹ ሥራ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ወደ ቀድሞው ጥያቄ እንመለሳለን። በዚያው ዓመት ወሽመጡን ለማጽዳት የሚሠራው የቼሳፒክ መርሐ ግብር የሳይንስ አማካሪዎች ያወጡት ግምገማ፣ ከእርሻና ከመሬት የሚታጠበውን ብክለት ለመቀነስ የተደረገው ጥረት በሞዴል የተጠበቀውንና በውሃው ላይ የተገኘውን ለውጥ ለምን እንዳላገናኘ በግልጽ ጠይቋል፤ በ2010 የተወሰነው የብክለት ጣሪያ ቀነ ገደብ የነበረው 2025ም ግቡ ሳይሟላ አልፏል።

የካርታው እንከን ወደ ዳር ሲጠጉ ይታያል። ጠባብ ወንዞችና ጥልቀት የሌላቸው ገባዎች ውስጥ ኦክስጅን በአንድ ሌሊት ወርዶ ረፋድ ላይ ሊመለስ ይችላል፤ ለዋናው ወሽመጥ የተሠራ ሞዴል ይህን ሁሉ ይይዛል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ሮክፊሽ የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ በሙቀት ወራት ከቤይ ብሪጅ ድልድይ በስተደቡብ የምትወጡ ከሆነ ግን ካርታው ይጠቅማችኋል። ጥልቁ ቦይ በቀይ ከተሸፈነ መስመራችሁን ወደ ወለል አታውርዱ፤ ዓሣው ከላይ በሙቀቱ፣ ከታች በኦክስጅን እጥረቱ ተይዞ መሐል ላይ ነው የሚገኘው። ሸርጣንም ከጥልቁ ሸሽቶ ወደ ጥልቀት አልባው ዳር ይጠጋል። ነፋስ ከነፈሰ ማግስት ደግሞ የትናንቱን ካርታ ተዉትና የዕለቱን ክፈቱ።